አባቴ እግራቸውን አጡ፤ መሬቱን ለእኩል እንስጥ ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ለእኩል መስጠት ማለት መሬቱን ሌላ ሰው አርሶ ምርቱን በግማሽ መካፈል ነው። ጠያቂዋ ኮምቦልቻ ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ተሁለደሬ ገጠር፣ ከሐይቅ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ይኖራሉ። አባቷ 54 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ነሐሴ ከገበያ ሲመለሱ የተሳፈሩበት አይሱዙ ተገለበጠ። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ደሴ ሰው ሠራሽ እግር ተሠርቶላቸዋል፤ ግን "ያመኛል፣ ወደ ኋላ ይጥለኛል" ብለው ትተውታል። መሬታቸው ሦስት ጥማድ ነው። አንዱ ጓሮ ነው፤ ሁለቱ ራቅ ይላሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ተዳፋት ላይ ነው። ከሁለት በሬ አንዱ ለሕክምና ተሸጧል። ቤት ውስጥ እናትና የ15 ዓመት ተማሪ ወንድም አሉ። አጎት "ሁሉንም ለእኩል እንስጠውና እሱ ይረፍ" ይላል። አባት አይመልሱም። እንግዳ ሲመጣ ተነስተው ጓዳ ይገባሉ። "ገበሬ ሆነው መቀጠል ይችላሉ? ወይስ ኮምቦልቻ ይዣቸው ልምጣ?" ትላለች።

አብሽሪ እህቴ። መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ። አዎ፣ ይቀጥላሉ። ኮምቦልቻ አታምጫቸው። መሬቱንም ዘንድሮ ሙሉ በሙሉ ለእኩል አትስጡ። ምክንያቱ ረዘም ይላል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት ነው። ወሎ ውስጥ ደጋውንም ቆላውንም ዞሬያለሁ። ኋላ ላይ አካል ጉዳት የደረሰባቸው ገበሬዎች ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ የሚያግዝ ሥራ ውስጥ ገባሁ። ብዙ ቤት ያየሁት ነገር አንድ ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ያዝናል፣ ይመክራል። "ከእንግዲህ ማረስ አይችልም" ይባላል። ይሄ ልክ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲያው "እንግዲያው መሬቱን ለሌላ እንስጥ" ይባላል። በሁለቱ መሐል ያለውን ሥራ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር የለም። እስቲ እንቁጠረው።

ከማረስ እንጀምር። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው፤ 2,500 ካሬ ሜትር። ትልም ከትልም ስንዝር፣ ካልሆነም ትንሽ አለፍ ይላል። 25 ሳንቲ ሜትር እንበለው። 2,500ን ለ0.25 ስታካፍዪው 10,000 ሜትር ይመጣል። አንዷን ጥማድ አንድ ጊዜ ለመገልበጥ ገበሬው ከበሬዎቹ ኋላ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። መዞሪያው አልተቆጠረም። ጤፍ ደግሞ በአንድ እርሻ አይዘራም። አራት ጊዜ ቢታረስ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ከሐይቅ ደሴ በእግር ከመሄድ ይበልጣል። ያውም በአስፋልት አይደለም፤ ጓል በጓል በሆነ፣ እግር በሚያሰምጥ መሬት ላይ ነው።

ይሄን ሒሳብ ያመጣሁት አባትሽን ለማስፈራራት አይደለም። ችግሩ የት እንዳለ እንድታዪው ነው። የማረስ ከባዱ ነገር መሄዱ ነው። እርፉን የሚይዘው አንድ እጅ ነው፤ ሌላው እጅ ጅራፍ ይይዛል። ለዚህ ነው አንድ እጁን ያጣ ገበሬ፣ በሬዎቹ በድምፅ የሚታዘዙ ከሆኑ፣ ከአባትሽ ቀድሞ ወደ እርሻ ሊመለስ የሚችለው። ስለዚህ "አካል ጉዳተኛ ማረስ ይችላል ወይ?" የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ምኑን ነው ያጣው? የትኛው ሥራ ያንን ይፈልጋል? ጥያቄው እንዲህ ሲሰበር ነው መልስ የሚገኘው።

ከሥራው በፊት ግን እግሩ።

"ወደ ኋላ ይጥለኛል" ያሉትን ሳነብ አንድ ሰው ትዝ አሉኝ፤ ወረባቦ በኩል የማውቃቸው ገበሬ። ሰው ሠራሽ እግር ሊያሠሩ ሲሄዱ የልጃቸውን የቆዳ ጫማ ተውሰው ሄዱ። ከተማ ለመግባት ማማር አለብን መቼም። ባለሙያው እግሩን በዚያ ጫማ ልክ አስተካክሎ አቆመላቸው። ጫማው ተረከዙ ከፍ ያለ ነበር። ቤት ሲመለሱ ጫማውን ለልጁ ሰጡና በረባሷቸውን አጠለቁ። በረባሶ ተረከዝ የለውም። ያን ጊዜ ሜዳው ሁሉ ዳገት ሆነባቸው፤ እግሩ ወደ ኋላ ይጎትታቸው ጀመር። እኔ ስደርስ እግሩ ምሰሶ ላይ፣ ከጅራፉ ጎን ተሰቅሏል። "የፈረንጅ እግር ለእኛ አገር መሬት አይሆንም" አሉኝ። እግሩ ምንም አልሆነም ነበር። አንድ ጣት የሚወፍር የጎማ ቁራጭ ቀርጸን ከተረከዙ ስር አስገባን። ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤት ድረስ ሄደው መጡ።

ስለዚህ አባትሽን ጠይቂያቸው። ሲለኩ ምን ተጫምተው ነበር? አሁንስ ምን ይጫማሉ? ደሴ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ይዘሻቸው ተመለሺ፤ በእጃቸውም ማሳ ላይ የሚጫሙትን ራሱን ይያዙ፤ በረባሶም ይሁን ኮንጎ። "ገበሬ ነኝ፤ የምራመደው በዚህ ነው" ብለው ይንገሯቸው። ባለሙያው ይህን ካልተነገረው በከተማ ጫማ ልክ ቢያቆመው አይፈረድበትም።

"ያመኛል" የሚለው ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። እግር በተቆረጠ በመጀመሪያው ዓመት ጉማጁ፣ ማለትም ከተቆረጠው የቀረው የእግር ክፍል፣ እየሟሸሸ ይሄዳል። እብጠቱ ይጎድላል፣ ጡንቻው ይቀንሳል። በጥር የተለካው ሰው ሠራሽ እግር በሚያዝያ ይሰፋል። ሲሰፋ ጉማጁ ውስጥ ለውስጥ ይወርድና አጥንቱ ጫፍ ላይ ይመታል። ለጊዜው አንድ ወይም ሁለት የጥጥ ካልሲ መደረብ ይረዳል። ካልሲው ሦስት አራት ከሆነ ግን እንደገና መለካት ነው። ይሄ የተለመደ ነገር ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም።

ማታ ማታ ጉማጁ በሳሙና ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ። ከስሩ የማይታየውን በመስታወት ይዩት። ከቀላ፣ ካበጠ ወይ ውሃ ከቋጠረ፣ እስኪድን ድረስ ሰው ሠራሹ እግር አይጠለቅም። ማሳ ላይ ላብ አለ፣ አቧራ አለ። በሥራ መሐል አውልቆ፣ አድርቆ፣ ካልሲ መቀየር ይልመዱ። ሁለተኛ ካልሲ በኪስ ይኑር።

አንድ ሌላ ነገር። ቀኑን ሙሉ ዱካ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ ብዬ እገምታለሁ። ይሄ ጉልበቱን አጥፎ ያደርቀዋል። የደረቀ ጉልበት ደግሞ ሰው ሠራሽ እግር አይቀበልም። ሲቀመጡ እግሩ ተዘርግቶ የሚያርፍበት ሳንቃ ወይ ሌላ ዱካ ከፊት ይደረግ። ሲተኙ ከጉልበቱ ስር ትራስ አይግባ፤ ደግ ያደረጉ እየመሰላቸው ቤተሰቦች ሁሌ ያስገባሉ። የሌለው እግር ጣት ይበላኛል፣ ያቃጥለኛል ካሉም አእምሯቸው ተነክቶ አይደለም። ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ እውነተኛ ሕመም ነው፤ ለሐኪም ይነገር።

ሰው የማያነሳውን ደግሞ እኔ ላንሳው፤ ሽንት ቤት። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ በአንድ እግር ጭንቅ ነው። ብዙ ሰው በዚህ የተነሳ ውሃ መጠጣት ይቀንሳል፣ ከቤት መውጣት ይተዋል። እኛ "ተስፋ ቆረጠ" እንላለን። አሮጌ ወንበር መሐሉን ቀዳችሁ ጉድጓዱ ላይ አስቀምጡ። ግድግዳው ላይ መያዣ እንጨት ምቱ። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ማሳው እንውጣ። አሜሪካኖች ይህንን ሥራ እንደ እነሱ አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ አግርአቢሊቲ በሚል ፕሮግራም ይሠሩታል። የዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያና የአካል ጉዳተኞች ድርጅት ሰው አብረው ገበሬው ዘንድ ይሄዳሉ። የነሱ ትራክተር ላይ የሚሰቅል ማንሻ ለእኛ አይሆነንም። አካሄዳቸው ግን ዋጋ አይጠይቅም። መጀመሪያ ከገበሬው ጋር እርሻውን ይዞሩታል። ምን ያስቸግርሃል፣ የትኛው ጋ ትወድቃለህ፣ የትኛውን ሌላ ሰው ይሥራልህ እያሉ። መሣሪያው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

አንቺም ከአባትሽ ጋር ዙሪው። ወንድምሽ ከጎን ይሁን፣ አጎትሽ ይቅሩ። ከቤት ደጃፍ ተነሱ። የት ላይ ተንገዳገዱ? የት ቆሙ? ሥራውን በአራት ክፈሉት፤ መሄድ የሚፈልግ፣ መሸከም የሚፈልግ፣ ቆሞ ወይ ተቀምጦ የሚሠራ፣ ማወቅ የሚፈልግ። ማረስ የመጀመሪያው ውስጥ ነው። ውሃ ማምጣት፣ ነዶ መሸከም ሁለተኛው ውስጥ ናቸው። ሦስተኛው ከምታስቢው ይበልጣል። አጨዳ ተቀምጦ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ እየተንፏቀቁ ይሠራል። ጤፍ ማረምም እንደዚያው፣ ቀስ ቢልም። አውድማ ላይ መንሽና ላይዳ የሚይዝ ሰው አንድ ቦታ ቆሞ ነው የሚያዘራው። ሽንብራና በቆሎ በመስመር ከተዘራ እጀታው በረዘመ መኮትኮቻ ሳይጎነበሱ ይኮተኮታል። አራተኛው፣ ማወቁ፣ ከእግራቸው ጋር አልተቆረጠም። መቼ ይዘራ፣ የቱ መሬት ይረፍ፣ የትኛው ዘር የቱ ላይ ይውደቅ። ሐምሌ ላይ አፈሩን በእጃቸው ጨምቀው "ነገ" የሚሉት እሳቸው አይደሉ እንዴ?

በማሳው ዳርና መሐል ግማሽ ሜትር የምትሰፋ የማትታረስ መረማመጃ ተዉላቸው። ትጠንክር፣ ሣር ታብቅል። ጥቂት ጣሳ እህል ታስቀራለች፣ ሰውዬውን ግን ማሳው መሐል ታደርሳለች። ምርኩዝ የሚይዙ ከሆነ ጫፉ እርጥብ መሬት ውስጥ እንዳይሰምጥ ከአሮጌ ጎማ እንደ ትንሽ ሰሐን ክብ ቆርጣችሁ አልብሱት። ክረምት ላይ ጭቃና ውሃ ሰው ሠራሹ እግር ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። የእግሩ መርገጫ ውሃ ሲጠጣ ይሰነጠቃል። ጭቃ በሆነ ቀን ማሳ አይገቡም፤ ጓሮ ይውላሉ።

እና ጓሮው። እኔ ብሆን የቤቱን ልብ ወደዚያች ጥማድ አዞር ነበር። ቤት አጠገብ ናት፣ ሜዳ ናት፣ ፍግ አላት። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ዳር ዳሩን ጌሾ። ብዙ የማይጠልቅ የውሃ ጉድጓድ ካለ የገመድ ፓምፕ ቆሞ ይዘወራል። ሐይቅ አካባቢ አትክልት ገበያ አያጣም። ችግኝ ማፍላት ደግሞ ከሞላ ጎደል የተቀማጭ ሥራ ነው። አፈር መንፋት፣ ፕላስቲኩን መሙላት፣ ውሃ ማጠጣት። ጠረጴዛ በሚያህል የእንጨት አልጋ ላይ ከተደረገ ጉንበሳም የለውም።

ሙክት ማድለብም ለሳቸው ይሆናል። ወሎ በዚህ የታደለ ነው፤ የገናና የፋሲካ ገበያ አለ፣ የኢድና የአረፋ ገበያ አለ። ሦስት ወር ገደማ ይበቃል። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ የሚገዛበትን ጊዜ ወደ ኋላ ቆጥሮ ማስላት ነው። አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። በጎች ፉሩሽካ ሲያዩ ይሽቀዳደማሉ፤ በአንድ እግርና በምርኩዝ መሐላቸው የቆመ ሰው ይገለበጣል። ስለዚህ በረቱን እንዲህ ሥሩት። ገንዳው ከአጥሩ ጋር ተያይዞ ይቁም። አጥሩ ላይ የበግ አንገት የሚያስወጣ ክፍተት ይተው። አባትሽ ከውጭ ቆመው ያፈሳሉ፤ በጎቹ አንገታቸውን አውጥተው ይበላሉ። መኖው ከገንዳው ሁለት እርምጃ ሳይርቅ ጣራ ስር ይቀመጥ። ከቤቱ በር እስከ በረቱ ወገብ የሚደርስ አግዳሚ እንጨት በአጣና ላይ ምቱ፤ ጨለማም ቢሆን እሱን ይዘው ይሄዳሉ። ሁለት ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። ያለሱ ግን እናትሽ በጎቹን ትረከባለች፣ አባትሽም ተመልካች ይሆናሉ።

ንብ ትያለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ፤ ሁሉም ይላል። ዛፍ ላይ የሚሰቀል ቀፎ አይሆንም። ወገብ በሚደርስ ማቆሚያ ላይ የሚቀመጥ የሽግግር ቀፎ ይሆናል። ግን ንብ ሲቆጣ መሮጥ አለ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አልመክርም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ ወንፈል።

ቃሉ ወረዳ፣ ቆላው ውስጥ አንድ ሰው አውቃለሁ። ግራ እጁን ከክርኑ በታች አጣ። በመጀመሪያው ዓመት መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣለት። አረሱለት፣ አጨዱለት፣ ወቁለት። ለአላህ ብለው ነው። በሁለተኛው ዓመት ግማሹ መጣ። በሦስተኛው የመጣ የለም። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። እነሱም ማሳ አላቸው። እሱም መጥራቱን አፈረበት። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ለኔ፣ ነገ ላንተ። መመለሻ የሌለው ሰው ወንፈል ውስጥ የለም። ደቦውም ቢሆን አንዴ ነው፣ ሁለቴ ነው።

ይሄ ሰው ምን አደረገ? ማሽላው ሲያሸት ግሪሳ ይመጣል፣ ጦጣ ይመጣል። እያንዳንዱ ቤት ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ይጠብቃል። እሱ አጎራባች ማሳ ያላቸውን ስምንት ቤቶች ጠራና "ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ስደዱ፣ እኔ እጠብቃለሁ" አለ። በአንድ እጁ ጅራፍ ያጮሃል፣ ቆርቆሮ ያንኳኳል። ማማ ላይ አይወጣም፤ ከፍ ያለ ቦታ መርጦ ጎጆ ቀለሰ። አጨዳ ሲደርስ ስምንቱም ቤት ወንፈሉን መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ሲጠራ ድምፁ እንኳን ሌላ ሆነ። ያኔ አይለምንም፤ ያበደረውን ያስመልሳል።

ለአባትሽም መፈለግ ያለባችሁ ይሄንኑ ነው፤ በምን ይመልሳሉ? አንዱ እጃችሁ ላይ አለ። የቀረው በሬ። አንድ በሬ ያለው፣ ጉልበት ያለው ጎረቤት ፈልጉና ተቀናጁ። በሬው ከናንተ፣ አራሹ ከሱ። የበሬ ቀን በስንት የሰው ቀን እንደሚመለስ የየአገሩ ልማድ አለው፤ አባትሽ ያውቁታል። ሁለት ራቅ ያሉት ጥማዶች በዚህ ይታረሳሉ። ሌላው ችግኝ ነው፤ ለጎረቤት የቃሪያና የጎመን ችግኝ ሰጥተው የአረም ቀን መቀበል። ሦስተኛው ዘር ነው። ንጹሕ ዘር ለቅሞ፣ አበጥሮ የሚያቆይ ቤት ሰኔ ላይ ሁሉም ያንኳኳዋል። እናም ያ በሬ አይሸጥ። ምንም ቢመጣ።

ለእኩል መስጠቱን የምቃወመው በዚህ ነው። ምርቱ በግማሽ መቅረቱ ብቻ አይደለም። ገለባውም አብሮ ይከፈላል። ገለባው ሲያንስ በሬው ይከሳል። የከሳ በሬ የሚቀናጀው አያገኝም፤ ይሸጣል። በሬው ሲሸጥ የሚመለስ ነገር ያልቃል፣ ከወንፈሉ ትወጣላችሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ "ገበሬ ነበሩ" ይባላል። ይሄን መንገድ እግር በእግር ተከትዬ አይቼዋለሁ።

ተዳፋቱ ላይ ያለችዋን አንዷን ጥማድ ግን ለእኩል ብትሰጡ አልቃወምም። ለሳቸው እዚያ መውጣት መውደቅ ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ይሁን። በቃል አይሁን፤ ይጻፍ፣ ምስክር ይኑር፣ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ዘንድ ይመዝገብ። ለእኩል መስጠትም ሆነ ማከራየት ባለይዞታነትን አያሳልፍም፤ ግን ወረቀት ከሌለ ከዓመታት በኋላ ክርክር አይጠፋም። በክልሉ በ2009 የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 ወጥቷል፤ በፌዴራል ደረጃ ደግሞ 1324/2016 ወጥቷል። ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ለአካል ጉዳተኛ ባለይዞታ ያለውን አንቀጽ አንብቡልኝ በዪ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ የሁለቱም፣ የባልና የሚስት ስም ያለበት ከሆነ እናትሽም ይፈርማሉ። ደብተሩ ከቤት አይውጣ፤ አጎትሽ ጋም ቢሆን።

ስለ ሕግ ካነሳን፣ አዋጅ 568/2000 የሚባለውን የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ሰምተሽ ይሆናል። እሱ ስለ ተቀጣሪና ስለ አሠሪ ነው። ገበሬ አሠሪ የለውም፤ አባትሽን ማን ይክሰስላቸው? አገራችን በ2002 በአዋጅ 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን ግን በራስ ሥራ መተዳደርንም ይጨምራል። ቀበሌ ስትሄዱ ይሄኛውን ብታነሱ ይጠቅማል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ የዘር ወይ የማዳበሪያ ሥልጠና ስትጠራ የአባትሽን ስም እንዳትዘል ንገሯት። ተንኮል ኖሮባት ላይሆን ይችላል፤ "አይመጡም" ብላ ነው የምትዘለው። እኔም በዚያ ወንበር ላይ ሳለሁ ዘልያለሁ። ከጊዜ በኋላ አንዱ "ሞቼ መስሎህ ነው?" አለኝ፤ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሴፍቲኔት ወረዳችሁ ውስጥ ካለ ስማቸውን ከማስመዝገባችሁ በፊት አስቡበት። ጉልበት የሌለው ቤት በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ይያዛል፤ ሳይሠራ ይቀበላል። ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ አልነቅፍም። ባየሁት ግን አንዴ "ቀጥታ ድጋፍ" ተብሎ የተጻፈ ቤት ብድር ሲመጣ፣ የበግ ሲመጣ፣ የዶሮ ሲመጣ ይረሳል። ብትመዘገቡም የኑሮ ማሻሻያው ዝርዝር ላይ መኖራችሁን ጠይቁ። የማኅበረሰብ ሥራውም ቢሆን ድንጋይ መሸከም ብቻ አይደለም፤ የችግኝ ጣቢያ አለ፣ ሕፃናት መጠበቅ አለ።

ወንድምሽን ልጨምር። ማንም ሳይነግረው የአባቱን ሥራ እየወሰደ ነው። እርግጠኛ ነኝ። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ምን ይሠራል? ማታስ? ቁጠሪው። ከብዶ ከሆነ የሱ ድርሻ የበዓልና የቅዳሜ ይሁን፣ ሌላው በወንፈል ይሸፈን። የአባትሽን እግር በወንድምሽ ደብተር መተካት ቀላል ነው፤ ብዙ ቤት ተደርጓል።

ኮምቦልቻ ለምን አታምጫቸው እንዳልኩ ገብቶሻል ብዬ አስባለሁ። ኪራይ ቤት ውስጥ፣ ደጅ የሌለው፣ ጎረቤት የማያውቃቸው ሰው ይሆናሉ። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ጓዳ መግባታቸው ነው። እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ ከዘጉ፣ "ምነው በሞትኩ" ካሉ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ፤ ይሄም እንደ ቁስል ይታከማል። ያ ካልሆነ ግን ከጓዳ የሚያወጣቸው ምክር አይመስለኝም። ሥራ ነው የሚያወጣቸው። ቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ስብሰባ ሲኖረው ሰው ልኮ ያስጠራቸው። ሊያዝኑላቸው ሳይሆን ጉዳይ ይዘው ይጥሯቸው። አንድ ጥል ካለ፣ አንድ የድንበር ነገር ካለ፣ ሽማግሌ ይሁኑ። የቅሬው ሰብሳቢ ቤታችሁን የሚያውቅ ከሆነ ቀድመሽ ሹክ በዪው። እሱ ያውቅበታል።

ጊዜ የለሽም፤ ሰኔ እየመጣ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትሄጂ ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ በረባሷቸውንና የተለኩበትን ጫማ ጎን ለጎን አስቀምጪና የተረከዛቸውን ከፍታ ለኪ። ሁለተኛ፣ ብዕርና ወረቀት ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ጎረቤት ውስጥ አንድ በሬ ብቻ ያለው ማን እንደሆነ፣ የማን በሬ ከእናንተው ጋር በቁመትና በአረማመድ እንደሚገጥም ጠይቂያቸው። አንቺ አትገምቺ፤ እናትሽም አይመልሱ። እሳቸው ይናገሩ፣ አንቺ ጻፊ። ወረቀቱን ይዘሽ ጻፊልኝና ከዚያ እንቀጥላለን።